ስድስት ቢራ ሳይሰክሩ መቅመስ፣ ጠላም ሳይቀር

ባሕር ዳር ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ የሚሠራ ሰው «የትኛው ቢራ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም። እኔም እሰማለሁ። መልሴ አንድ ነው፦ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቅመሱና እናንተው ንገሩኝ። ሰው ቅር ይለዋል። ስም እንድጠራለት ነው የሚፈልገው። እኔ ግን የምሬን ነው። አብዛኛው ጠጪ «የኔ ቢራ» የሚለውን የመረጠው በምላሱ አይደለም። ወይ ጓደኛው ሲያዝ አይቶ ነው፣ ወይ አባቱ ይጠጣው የነበረ ነው፣ ወይ ድሮ በቴሌቪዥን ሲዘፈንለት የሰማው ነው። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ምርጫው ለምላሳችን ቀርቶልናል፤ እንጠቀምበት።

ያደግኩት ሞጣ ነው። እናቴ ለማኅበር፣ ለደቦ፣ ለሠርግ ጠላ ስትጠምቅ ከጎኗ ነበርኩ። ጋኑ ሲከፈት መጀመሪያ «ቅመስ» አትለኝም፤ «አሽትት» ነው የምትለኝ። ዛሬ ለእንግዶቼ ቢራ ሳቀምስ የምሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ጠርሙስ ቢራም ስለ ጠላም ነው። ሁለቱን ለይቼ ማየት አልችልም።

መጀመሪያ ዓለም ምን እየጠጣ እንደሆነ

ክራፍት ቢራ የሚባለው ነገር፣ ማለትም በአነስተኛ ጠማቂዎች እጅ የሚሠራው ቢራ፣ አሜሪካ ውስጥ ሥር የሰደደው ቀስ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ፍሪትዝ ሜይታግ የተባለ ወጣት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሊዘጋ የደረሰውን አንከር የተባለ ጠመቃ ቤት ድርሻ ገዛ። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቀጭን ቢራ በሚያመርትበት ጊዜ እሱ ጠቆር ያለውን፣ መረር ያለውን ይሠራ ጀመር። ሌሎች ተከተሉት። አንከር እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቷል፣ የከፈተው መንገድ ግን ዛሬም ብዙ ሰው ይሄድበታል።

አሁን አሁን እዚያ የሚወደደው ምን መሰላችሁ? አንደኛ፣ ሳይጠል ጉሽ እንዳለ የሚቀርብ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው፣ አይፒኤ የሚባል የቢራ ዓይነት። ሁለተኛ፣ ጎምዛዛ ቢራ። የብራሰልስ አካባቢ ሰዎች ላምቢክ የሚሉትን እርሾ ሳይጨምሩበት፣ አየር ላይ ባለው እርሾ ብቻ ነው የሚያፈሉት። ሦስተኛ፣ ብቅሉ በእንጨት ጭስ የደረቀ ቢራ፤ የጀርመኗ ባምበርግ በዚህ ትታወቃለች። አራተኛ፣ ኖርዌይ ውስጥ ገበሬዎች ከትውልድ ትውልድ ሲያወርሱት የኖሩት ክቬክ የሚባል የቤት እርሾ። በዚህ ላይ አልኮል የሌለው ቢራ ከዓመት ዓመት ቦታ እየያዘ ነው።

ይህን ዝርዝር ለእናቴ ባነብላት ጉሽ፣ ጎምዛዛ፣ በጭስ የታጠነ፣ በቤት እርሾ የሚፈላ ስትሰማ የማንን ጠላ እንደማወራ ነበር የምትጠይቀኝ። እኛ ሀገር አዲስ አበባ ላይ ጋርደን ብራው ብሎንዲና ኢቦኒ እያለ ነጣ ያለውንና ጠቆር ያለውን አስለምዶናል። እኔ በምኖርበት አካባቢ ግን አነስተኛ ጠማቂ ማለት ጠላ ቤት ነው። በጓሮዋ ጥንስስ የምትጥል ሴት ጠማቂ ናት፣ በሙሉ ትርጉሙ።

ስድስት ሰው፣ ስድስት ቢራ

አሁን ወደ ሥራው። የቅምሻ ምሽት ለማዘጋጀት ገንዘብ አያስፈልግም፣ ስድስት ሰው ነው የሚያስፈልገው። እያንዳንዱ ሰው ከሌሎቹ የተለየ ቢራ፣ አንድ ጠርሙስ ይዞ ይምጣ። አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው። ለስድስት ሲከፋፈል ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የሻይ ብርጭቆ ግማሽ ያህል ይደርሰዋል። ስድስቱንም ቀምሳችሁ ስትጨርሱ ሆዳችሁ የገባው ከአንድ ጠርሙስ አይበልጥም። ሳይሰክሩ ስድስት ቢራ መቅመስ ያልኩት ይህንን ነው።

ብርጭቆው ራሱ የሻይ ብርጭቆ ይሁን። ለቅምሻ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ግልጽ ስለሆነ መልኩ ይታያል፣ ትንሽ ስለሆነ ቢራው ሳይሞቅ ያልቃል። ነገር ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋ አይዝም። የሳሙና ቅሪትም እንዲሁ። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ቢራውን ቅዱና የብርጭቆውን ጎን ተመልከቱ። አረፋዎቹ ግድግዳው ላይ ሙጭጭ ካሉ ብርጭቆው አልታጠበም ማለት ነው። በደንብ አጥባችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ በጨርቅ ሳትወለውሉ ደፍታችሁ አድርቁት።

ቦታ ምረጡ። ቡና በሚፈላበት ቤት ቢራ አይቀመስም። እጣኑ፣ የሚቆላው ቡና፣ ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን አፍንጫችሁን ቀድሞ ይወስደዋል። ቡናው ለመጨረሻ ይቆይ። ሽቶም ያው ነው። ምላስም ዝግጅት ይፈልጋል። ቀይ ወጥ በልታችሁ የመጣችሁ እንደሆነ በርበሬው ምላሳችሁን ስለያዘው ሁሉም ቢራ አንድ ይሆንባችኋል። ባዶ ሆድም አይሁን። ደረቅ ዳቦና ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፤ በየቢራው መሀል አንድ ጉርሻ ዳቦ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ። የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ ከጣና መጥቶ የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ እሱም ከቅምሻው በኋላ።

ስለ ቅዝቃዜ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ቢራውን የሚያጣው። የባሕር ዳር ሙቀት በረዶ የመሰለ ቢራ ያስመኛል። ጥም ለመቁረጥ ከሆነ ይሁን። ለመቅመስ ግን በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን አይሰጥም፣ ምላስንም ያደነዝዛል። ራሳችሁ ሞክሩት። የአንድ ቢራ ሁለት ጠርሙስ ግዙ። ሁለቱንም አቀዝቅዙ። አንዱን ከሩብ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጡት፣ ሌላውን እዚያው ተዉት። ከዚያ ጎን ለጎን ቅዱ። ሩብ ሰዓት የቆየው የዳቦ ሽታ፣ የብቅል ጣፋጭነት ያመጣል። ከፍሪጅ የወጣው ብርድ ብርድ ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። እኛ ሀገር የሚጠመቁት ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር የሚባሉት፣ በቅዝቃዜ ቀስ ብለው የሚፈሉት ናቸው፤ ላገር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ጥሩ ነው። ጠቆር ያለና ጠንከር ያለ ቢራ ካገኛችሁ ከ10 ዲግሪ በላይ ቢሆን አይከፋውም። «ኖርማል» የሚያዝዙ ሽማግሌ ደንበኞች አሉኝ። ወጣቶቹ ይገርማቸዋል። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ጣዕሙን ፈልገው ይመስለኛል።

ስትቀዱ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ቀና አድርጉት። ሁለት ጣት አረፋ ይኑረው፤ ሽታውን የሚያመጣው አረፋው ነው። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ከኛ ይበልጥ ዝግ በሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማርቆስ 2,400 ገደማ። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ቢራው ውስጥ ያለው ጋዝም ቶሎ ይወጣል። ባንድ ጊዜ ካንደቀደቃችሁት ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያልቀው።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። ነጣ ያለውን፣ ቀለል ያለውን አስቀድሙ። መራራውን፣ ጥቁሩንና አልኮሉ ከፍ ያለውን ወደ ኋላ። ሶፊ ማልት ወይም ንጉሥ የመሰለ አልኮል የሌለው መጠጥ ካለ፣ ጣፋጭነቱ የሌላውን ጣዕም እንዳያበላሽ ለብቻው በመጨረሻ ይቀመስ።

ከዚያ አፍንጫ። ከመጠጣታችሁ በፊት ሁለት ሦስቴ አሽትቱ። ከዚያ ጠጡና ዋጡት፤ እንደ ወይን ቀማሽ አትትፉት። ቢራ ሲዋጥ ሽታው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይመለሳል፣ ምሬቱም ያኔ ነው ራሱን የሚገልጠው። ያገኛችሁትን ባገኛችሁት ቋንቋ ጻፉት። አሻሮ ይሸታል? የቂጣ ጠርዝ? የብርቱካን ልጣጭ? ከስንዴ የተጠመቀ የጀርመን ቢራ ያጋጠማችሁ እንደሆነ ሙዝና ቅርንፉድ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱንም የሚያመጣቸው እርሾው ነው፣ ማንም አልጨመራቸውም።

ጥፋቱንም ማወቅ አለባችሁ። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አርጅቷል፣ አየር አግኝቶታል። የተቀቀለ በቆሎ ወይም ቅቤ ከሸተታችሁ ጠመቃው ላይ የተበላሸ ነገር አለ። የሚከረፋ፣ ፊት የሚያስዞር ሽታ ካለው ደግሞ ብርሃን መቶታል። ብርሃን ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባ የመጣውን ነገር ይለውጠዋል፤ ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ብዙም አይከላከሉም። ስለዚህ ሳጥኑ ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቢራ አትግዙ። የተመረተበትን ቀን እዩ። ቢራ ሲቆይ የሚሻሻል ይመስላቸዋል አንዳንዶች። ላገር ከሆነ ትኩሱ ነው ጥሩው።

ድራፍት ላይም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድራፍት የቧንቧ ነገር ነው። ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ያደረው ቢራ ለሰው አይሰጥም፤ እኛ ጠዋት ስንከፍት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ደፍተን ነው የምንጀምረው። ቧንቧው በየጊዜው ካልታጠበ ጃምቦው ይጎመዝዛል። «ይህ በርሜል መቼ ነው የተከፈተ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ባርማን በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል።

የስም ፈተና

ለኔ የምሽቱ ልብ ይህ ነው። ሦስት ብርጭቆ አስቀምጡ። በሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ፣ በሦስተኛው ሌላ ዓይነት ይቀዳ። ቀማሹ ሲቀዳ አያይም፤ ጠርሙሶቹም በጋዜጣ ይጠቅለሉ። የቀማሹ ሥራ የተለየውን ማግኘት ብቻ ነው። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ሊሳካ ይችላል፣ ስለዚህ ቦታቸውን እየለዋወጣችሁ ሦስት አራቴ ድገሙት። የቢራ ፋብሪካ ቀማሾችም የሚፈተኑት በዚህ ዘዴ ነው።

አንድ የመንገድ መሐንዲስ ደንበኛ አለኝ። ከአንድ ቢራ በቀር ነክቶ አያውቅም ነበር፤ ሌላው ራስ ምታት እንደሚያመጣበት ይምላል። ሦስቱን ብርጭቆ ደረደርኩለት። የመጀመሪያውን አሸተተ፣ ጠጣ፣ ዝም አለ። ሁለተኛውን ሁለቴ ተጎነጨ። ሦስተኛው ላይ ፊቱ በራ፤ «ይኸውና የኔ!» አለ። ጋዜጣውን ገለጥኩት። የሱ አልነበረም። አልተቆጣም። ወንበሩን ሳበና «እንደገና ቅዳልኝ» አለኝ። በዚያ ምሽት ቢራ ሲያሸት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። አሁን እንደ ቀኑ ይመርጣል፤ ዓሣ ሲበላ አንዱን፣ ጥብስ ሲበላ ሌላውን። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ሰው የሚጠጣውን እንዲያውቀው።

ጠላውን በራሱ መለኪያ

ቢራ የቀመሰ ሰው ጠላ ቤት ሲገባ «ደፍርሷል፣ አረፋ የለውም» ብሎ እንዳይጀምር አደራ። የባቫርያው የ1516ቱ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይጠመቅ ብሏል። ጠላ በዚያ ሕግ ቢራ አይባልም። መራራነቱ ከጌሾ ነው፣ እህሉም ገብስ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ስንዴ ሊሆን ይችላል። በሌላ መለኪያ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ጠይቁ። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ይደፋበታል። ግቡና ጠማቂዋን «እትዬ፣ እህሉ ምንድን ነው? ጌሾው ከየት ነው? መቼ ተጠመቀ?» በሉ። ጌሾው የዘጌ ከሆነ በኩራት ይነግሯችኋል፤ ዘጌ ከቡናዋ ጋር በጌሾዋም ትታወቃለች። ዳጉሳ የገባበት ጠላ ቀላ ይላል፣ አፍ ላይም ይከብዳል። የደጋ ገብስ የበዛበት ደግሞ ቀለል ብሎ የቆሎ ሽታ ይሰጣል። አሻሮው ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ጠላው ጥቁር ይሆናል፣ ከኋላው ቡና ቡና የሚል ነገር አለው።

ጋኑን አሳዩኝ በሉ፣ ከፈቀዱላችሁ። እናቴ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ትፈትገዋለች። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ታጥበዋለች። ከዚያ ፍም ላይ የወይራ እንጨት ታደርግና ጋኑን በአፉ ትደፋበታለች። ጭሱ በጋኑ ሆድ ውስጥ ይታፈናል። ስታነሳው ውስጡ ጠቁሮ፣ ሞቅ ብሎ፣ የወይራ ሽታው ፊት ላይ ይመጣል። ጥንስሱ የሚገባው በዚህ ውስጥ ነው። ዛሬ ብዙ ቤት በፕላስቲክ በርሜል ይጠምቃል። ሥራ ያቀላል፣ አልፈርድባቸውም፤ ግን የታጠነ ጋን ያለበትን ቤት ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሲቀመስ ጭሱ ከኋላ መምጣት አለበት። ከፊት ከመጣ በዝቷል። የጌሾው ምሬት ከተዋጠ በኋላ ቀስ ብሎ መጥፋት አለበት፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ጌሾው በዝቷል ወይም ጠላው ገና ልጅ ነው። ጎምዘዝ ማለቱ ጥሩ ነው፣ ምራቅ ያመጣል። አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ግን ወደ ሆምጣጤ እየሄደ ነው፣ ተዉት። ከተቻለ የአንዲትን ጠማቂ ጠላ በሦስት ደረጃው ቅመሱ፦ ጉሹን፣ የጠለለውን፣ ድፍድፉ ላይ ዳግመኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣውን ቅራሪ። ከአንድ ጋን ሦስት መጠጥ ነው። ብዙ ሰው ቅራሪን ይንቃል። እኔ በቀትር ፀሐይ ቅራሪን ከማንኛውም ቀዝቃዛ ቢራ አስበልጣለሁ።

ሰው ቤት ተጋብዛችሁ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ጎጃም ውስጥ የተጋባዥ ዋንጫ አይጎድልም። አንዴ ስትጎነጩ ወዲያው ይሞላል፣ «በሞቴ» ይከተላል። ሦስት ቤት ልትቀምሱ የወጣችሁት አንደኛው ቤት ላይ ታልቃላችሁ። መፍትሔው ዋንጫውን ሳያጎድሉ መያዝ ነው። በትንሹ ተጎንጩ፣ ከዚያ አፉን በመዳፋችሁ ሸፈን አድርጉ፣ ጨዋታውን ቀጥሉ። አስተናጋጇ ለእናንተ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ብትቀምስ ደግሞ የቆየ ጨዋነት ነው፤ መጠጡ ደህና ነው ማለቷ ነው።

ጠላ የሚሞላው ውሃ ሁልጊዜ የፈላ አይደለም። ሆዳችሁ ቶሎ የሚታወክ ከሆነ ውሃውን ጠይቁ፣ ጉሹንም ተዉትና የጠለለውን ጠጡ። ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ እንደ ቀላል አትቁጠሩት። መኪናና ሞተር ቤት ይቅሩ፤ ባጃጅ አለ።

የወደዳችሁትን ጠላ ወደ ቤት መውሰድ ከፈለጋችሁ በጄሪካን አስቀዱ፣ በጠርሙስ አይሁን። ጠላው አሁንም እየፈላ ነው፣ ጋዙ የታሸገ ጠርሙስ ሊያፈነዳ ይችላል። ጄሪካኑን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አራት ጣት ያህል ክፍት ተዉለት። ክዳኑን ላላ አድርጉት። ከሞጣ ባሕር ዳር ስትመጡ መንገድ ላይ አንድ ሁለቴ ከፈት አድርጋችሁ አስተንፍሱት። ቤት ስትደርሱ ጥላ ሥር ይቀመጥና ሳይነቃነቅ ይደር፤ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል። በማግስቱ ከላይ ከላይ ቀድታችሁ ቅመሱት።